«ለጥናት ነው» የምትባለዋ እስር ጫት



በዚህ ወር የቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ብዙ ወላጆች በልባቸው የሚያውቁት፣ በሰው ፊት ለመናገር ግን የሚያፍሩበት ነው። ይኸውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጆቻችን በጫት፣ በሲጋራ፣ በሺሻና እነዚህን ተከትለው በሚመጡ ነገሮች መያዛቸው፣ ትምህርታቸውም በዚሁ ሳቢያ መበላሸቱ ነው። ወሬው ሲነሳ ሐሳባችን ቶሎ የሚሮጠው ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ ነው። እኛ ግን ዛሬ ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል ወዳለችው ወደ ደብረ ወርቅ እንውረድ። ደብረ ወርቅ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ የሚታወቀው በጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያኗ ነው፤ ሙስሊሙም በአካባቢው ከተሞች፣ በተለይ በሞጣና በቢቸና፣ በንግድና በእጅ ሥራ ሲኖር ብዙ ዘመን ሆኖታል። የጫት አገር ሆና የማታውቅ ከተማ ናት። ነገሩን ከዚያ የምንጀምረውም ስለዚሁ ነው። በጫት አገር ያደገ ሰው ቢያንስ ጫትን ያውቀዋል፤ መቼ እንደሚጎዳ፣ ማንን እንደጣለ አይቷል። የጎጃም ወላጅ ግን ልጁ ምን እንደያዘው የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ከታሪክ እንነሳ። የአፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን በንጉሡ መቀመጫ ላይ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደዛተ ይተርካል። ይህ የሆነው ከ700 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ በደጋው አገር ጫት የሙስሊም ምልክት ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል፤ ክርስቲያኑ አይነካውም፣ ሙስሊሙም የእኔ ነው ይላል። ዛሬ ይህ አጥር ፈርሷል። በባሕር ዳር ዙሪያ ጤፍና በቆሎ ይበቅልበት የነበረው ማሳ እየተመነጠረ ጫት ይተከልበታል፤ ተካዩም ቃሚውም የየትኛውም ሃይማኖት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው በአገሪቱ ከ100 ወንዶች 27ቱ፣ ከ100 ሴቶች ደግሞ 12ቱ በሕይወታቸው ጫት ቀምሰዋል። በጎንደርና በባሕር ዳር ኮሌጆች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት ከተጠየቁት ተማሪዎች ከአራቱ አንዱ በላይ ጫት የቀመሰ መሆኑን ገልጿል። ይህ ከ20 ዓመት በፊት ነው! ከዚያም ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በጅማ አጠገብ ባለችው በአጋሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ቃሚዎቹ ወደ 65 ከመቶ መሆናቸውን ጽፏል። አጋሮ የቡናና የጫት አገር ነውና ለደብረ ወርቅ መለኪያ አይሆንም። ግን አንድ ነገር ያስረዳናል። ጫት በደጅ የሚገኝበት ከተማ ሲሆን የትምህርት ቤቱ አጥር አያስቆመውም።

የኪራይ ቤቱ ልጅ

በገጠር የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸው ስምንተኛ ክፍልን ሲያልፍ ወደ ወረዳው ከተማ ይልኩታል። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜና እሑድ ወደ አገር ቤት ተመልሰው እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ ይዘው ይመጣሉ፤ ሰኞ ማለዳ ስንቃቸውን ተሸክመው በመንገድ ዳር ሲጓዙ ያላያቸው የለም። በደብረ ወርቅም፣ በቢቸናም፣ በሞጣም እንዲሁ ነው። ይህ የትጋት ምልክት ነው፤ ስንቶች ሐኪምና መምህር የሆኑት በዚህ መንገድ አልፈው ነው። ልብ እንበል ግን፦ ይህ ልጅ ገና 14 ወይም 15 ዓመቱ ነው። ማታ ስንት ሰዓት እንደገባ የሚጠይቀው የለም። እራቱን ይብላ አይብላ የሚያይ የለም። ለሱብሕ የሚቀሰቅሰው የለም። አከራይዋ በወሩ መጨረሻ ኪራይዋን ታያለች፤ ከዚያ ያለፈውን ምን አገባኝ ትላለች። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ ግማሽ ቀኑ ባዶ ነው።

እዚያች ክፍል ውስጥ የመጀመሪያዋ እስር ጫት የምትገባው በክፉ ስም አይደለም። በጥናት ስም ነው የምትገባው። አንዱ ከፍ ያለ ክፍል ያለ ተማሪ «እኔ ማትሪክ ያለፍኩት በዚህ ነው» ይላል። ሌላው «እንቅልፍ ካስቸገረህ ሁለት ቅጠል ብቻ» ይላል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የሚቀበለው፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ሰቃይ ለመሆን የሚጥረው፣ የወላጁን ድካም የሚያስበው ልጅ ነው። ይህን ልናሰምርበት እንወዳለን። «የእኔ ልጅ ጎበዝ ነው፣ እዚህ ውስጥ አይገባም» የሚሉ ወላጆች የተሳሳተ በር ነው የሚጠብቁት።

ሙስሊሙ ልጅ ደግሞ ሌላም ጫና አለበት። ከክርስቲያን ጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥ «ይህማ የእናንተ ነገር ነው፣ አንተማ ታውቅበታለህ» ይባላል። እንቢ ሲል ይሳቅበታል፤ እሺ ሲል ሃይማኖቱን የጠበቀ ይመስለዋል።

በእርግጥ ለጥናት ይረዳል ወይ?

ብዙ ወላጆች ለዚህ ጥያቄ መልስ ስለሌላቸው በቁጣ ብቻ ያልፉታል። ልጁም በልቡ «አያውቁም» ይላል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርገን እንየው።

በለጋ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ለይተው ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይቀራረባል፤ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት የአንጎል መልእክተኞች ከማከማቻቸው በብዛት እንዲለቀቁ ያደርጋል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖን እየደከመ ይሄዳል። ነጋዴው በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ የሚያጣድፈውም፣ ቃሚው የዛሬውን ቅጠል የሚፈልገውም ስለዚህ ነው። ልብ ይመታል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ሰውየው ንቁ ይሆናል፣ ይናገራል፣ ያቅዳል። በምርቃና ሰዓት ያልተሠራ ፎቅ፣ ያልተነገደ ንግድ የለም ይባል የለ! ይህ ሁሉ እውነት ነውና «ጫት ምንም አያነቃም» ብለን ልጁን ልናታልለው አይገባም። ያነቃል።

ጥያቄው የነቃው ሰው ምን ተማረ የሚለው ነው። እንበልና አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል። እስከ 11 ሰዓት ድረስ ጨዋታ ነው፤ መጽሐፉ ተዘግቷል። ምርቃናው ሲመጣ መጽሐፉን ይከፍታል፣ ይጓጓል፣ ገጽ ይገለብጣል፣ ሁሉም ግልጽ ሆኖ ይታየዋል። እራት አይበላም፣ አልራበውም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት አጥፍቶ ይጋደማል፤ እንቅልፍ ግን የለም። ዓይኑ የሚከደነው ወደ 11 ሰዓት ግድም፣ ልክ አዛን ሲል ነው። በ2 ሰዓት ክፍል ውስጥ መገኘት አለበት። ይሄዳል፤ አካሉ እዚያ ነው። ሒሳብ መምህሩ በሰሌዳው ላይ የጻፉትን ቀድቷል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ሐራራው ይመጣል፤ ሐራራውን የሚያስታግሰው ደግሞ ያው ጫት ነው። እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል።

ሳይንሱ በዚህ ላይ የሚለው ግልጽ ነው። አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለውና ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ስለዚህ ያ ተማሪ ከእንቅልፉ ስድስት ሰዓት ወስዶ ለንባብ አውሎታል፤ ንባቡን የሚያስቀምጥለትም ያ የተወሰደው እንቅልፍ ነበር። በኔዘርላንድ ቃሚዎችን ከማይቅሙ ጋር ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አነስተኛ ጥናትም፣ ቃሚዎቹ ለአፍታ በአእምሮ ይዞ በሚሠራበት የማስታወስ ችሎታና ከአንድ ሐሳብ ወደ ሌላ በመሻገር ረገድ ከማይቅሙት አንሰው መገኘታቸውን አሳይቷል። የሒሳብና የፊዚክስ ጥያቄ የሚጠይቀው ደግሞ እነዚህኑ ሁለቱን ነው። አንዱን ቁጥር በአእምሮ ይዞ ሌላውን መሥራት፣ አንዱ መንገድ እንቢ ሲል ወደ ሌላው መዞር።

አንድ ነገር እንጨምር። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወዲህ ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል ብዙዎቹ ተፈታኞች ከቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደሩ ተፈትነዋል። ግቢው ውስጥ ጫት የለም፤ ፍተሻ አለ። በጫት ብቻ ማንበብ የለመደ ልጅ ታዲያ ያን ሁሉ ወር ሲዘጋጅበት የቆየውን ፈተና የሚቀመጠው በሐራራ ቀኑ ነው። ያዛጋዋል፣ እጁ ይከብዳል፣ ማታ ዱካክ እያስጨነቀው ጠዋት የእንግሊዝኛ ምንባብ ይሰጠዋል። ልጆቻችሁን ስትመክሩ ይህን ብቻ ብትነግሯቸው ከብዙ ቁጣ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ልጁ ራሱ ሊያሰላው የሚችለው ነገር ነው።

የፈተናው ውጤት ራሱ ምን ያህል ጠባብ በር እንደሆነም እንወቅ። በ2015 ዓ.ም. ወደ 845 ሺህ ተማሪዎች ተፈትነው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ናቸው፤ 3.2 ከመቶ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ በጫት አናላክክም። የመጽሐፍ እጥረት፣ የመምህር እጥረት፣ ኮሮናና ጦርነት ያደረሱት አለ። እንዲያውም በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተነሳው ግጭት ሳቢያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል፤ ምሥራቅ ጎጃም ከተጎዱት አንዱ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወጣቱ የት ይውላል? ይህ ጥያቄ መልስ ያጣባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ከደጃቸው ያለው ጫት ቤት ግን ብዙ ጊዜ አይዘጋም።

ከጫት ወዲያ ያለው

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ጫት እንደ ሐሺሽ ወይም እንደ አረቄ አይታይም። ለዱዓ ይቀርባል፣ ለሠርግ ይቀርባል፣ ለሽምግልና ይቀርባል። አባት ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ተነጥፎለት ከእንግዶቹ ጋር ይቀመጣል፤ ልጁ ውሃ ያመጣል፣ ከሰል ያቀርባል፣ ሲጨርሱም ገራባውን ይጠርጋል። ከገራባው ውስጥ ለጋውን መርጦ መቅመስ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ዑለማዎች በጫት ላይ የተለያየ አስተያየት እንደነበራቸው እናውቃለን። በ974 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቁ የሻፊዒ ሊቅ ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ ከየመን በመጣላቸው ጥያቄ መነሻነት ስለ ጫት ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈዋል፤ ፈጽሞ ሐራም ነው ብለው አልቆረጡም፣ ይልቁንም አጠራጣሪ ስለሆነ ጥንቁቅ ሰው እንዲርቀው አስጠንቅቀዋል። ከእርሳቸው በኋላ ከልካዮችም ፈቃጆችም ነበሩ። ይህን ክርክር እዚህ አንፈታውም፤ የዚህ ዓምድ ሥራም አይደለም። ወላጆች እንዲያዩልን የምንፈልገው ክርክሩ የሚመለከተው ማንን እንደሆነ ነው። እነዚያ ሊቃውንት ሲከራከሩ በፊታቸው የነበረው ለሌሊት ዒባዳና ለኪታብ እንቅልፉን ለመግፋት የሚቅም ትልቅ ሰው ነው። በደብረ ወርቅ ኪራይ ቤት ውስጥ የተቀመጠው የ15 ዓመት ልጅ ሌላ ነው፤ እርሱን የሚጠብቀው ሌላ ሰንሰለት አለ።

ሰንሰለቱ እንዲህ ነው። ጫት አፍ ያደርቃልና ለስላሳ ወይም ሻይ ይፈለጋል፤ ለውዝ ይፈለጋል። ከዚያ ሲጋራ ይመጣል፤ ሳይቅም የማያጨስ፣ ሲቅም ግን የሚያጨስ ወጣት ብዙ ነው። ጫት ቤቱ ውስጥ ሺሻ ካለ ሺሻው ይቀጥላል። ሲመሽ ደግሞ ምርቃናው አልወርድ ይላል፤ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ የለም። ይህን ለመስበር የሚወሰደው ነገር በወጣቶቹ ቋንቋ «ጨብሲ» ይባላል። ጨብሲ ማለት ቢራ ነው፣ ገንዘብ ላነሰው ደግሞ አረቄ ነው። ጎጃም አረቄና ጠላ በየመንደሩ የሚገኝበት አገር ስለሆነ ልጁ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ለአባቱ ሐራም መሆኑ ክርክር የነበረበት ቅጠል ልጁን ክርክር ወደሌለበት ወደ ኸምር አደረሰው። አባትየው ግን አሁንም «ልጄ ትንሽ ጫት እንጂ ሌላ ነገር አያውቅም» ይላል፤ ከመቀማመጥ በኋላ ጨብሲ እንዳለ እርሱ አያውቅማ! እርሱ ከቃመ በኋላ ዒሻ ሰግዶ ይተኛል፣ ወይም ሳይተኛ ያድራል። ልጁ ግን የሚቅመው ከአባቱ ጋር አይደለም።

ሰንሰለቱ በከተሞች ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ ወደ ሐሺሽና ሐኪም ያላዘዛቸውን የሕመም ማስታገሻ እንክብሎች ወደ መዋጥ ይደርሳል። ሁሉም ልጅ እዚያ ይደርሳል ማለታችን አይደለም፤ አብዛኞቹ በጫቱና በሲጋራው ላይ ይቆማሉ፣ ብዙዎችም ይተዋሉ።

ሕጉ እንዴት ነው? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ትንባሆም የአልኮል መጠጥም እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሺሻም ክልክል ነው። ጫት ግን ለመንግሥት ቀረጥ፣ ለአገር የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባ ሸቀጥ ነውና እንዲህ ያለ የዕድሜ ገደብ በዚያ አዋጅ አልተጣለበትም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ጫትን ከልክላለች፤ በእኛ አገር የ9ኛ ክፍል ተማሪ በዩኒፎርሙ ገብቶ ቢገዛ ነጋዴውን የሚጠይቀው ብዙም የለም። እንግዲህ ዘበኛው ወላጅ ነው።

ወላጅ ምን ያያል፣ ምንስ ያደርጋል?

ከእናንተ ጋር የሚኖር ልጅ ከሆነ ምልክቱ በቤት ውስጥ ነው። እራት «አልራበኝም» ማለት ሲያበዛ፣ ሌሊት መብራቱ ሳይጠፋ ሲያድር፣ ለሱብሕ አልነሳም ሲል፣ ከቀትር በኋላ ያለ ምክንያት ሲቆጣ፣ ጥርሱና ምላሱ ሲለውጥ፣ «ለፎቶ ኮፒ»፣ «ለክፍል መዋጮ» የሚል የገንዘብ ጥያቄ ሲደጋግም ቀረብ ብሎ ማየት ነው። አንዱ ምልክት ብቻውን ምንም አይደለም፤ ለፈተና የሚጨነቅ ልጅም እራቱን ይተዋል። ሦስት አራቱ አብረው ሲመጡ ግን ነገር አለ። ሴት ልጆችንም አትርሱ። በእነርሱ ላይ ነገሩ የበለጠ ይደበቃል፤ የሚፈሩት ስም ከወንዱ ይበልጣልና።

በኪራይ ቤት ያለ ልጅ ከሆነ፣ ወላጅ ገበያ በወጣ ቁጥር ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ ይበል። የክፍል ኃላፊ መምህሩን «ልጄ ስንት ቀን ቀርቷል?» ብሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከአከራይዋ ጋርም መነጋገር ይቻላል፤ «እናቴ፣ ልጄን እንደ ልጅዎ ይዩልኝ፣ ማታ ካመሸ ይንገሩኝ» ብሎ የተለመነ የጎጃም አከራይ አፍሮም ቢሆን ያያል። ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆንም ጉርብትናው አንድ ነው። በከተማው ያሉ ሙስሊም ነጋዴዎችም ከገጠር ለመጡ ልጆች የሚያደርጉት ነገር አለ። ከዐስር እስከ መግሪብ ያለችውን ሰዓት፣ ልክ ጫት ቤቱ የሚሞላባትን ሰዓት፣ በመስጊዱ ግቢ ወይም በአንዱ ቤት በረንዳ ላይ የጥናት ሰዓት ማድረግ ይቻላል። ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ የ12ኛ ክፍል ጎበዝ ተማሪ ይበቃል። ሻይ ካለ ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል።

ልጁ መያዙ ከታወቀ በኋላ ዱላ አይሠራም። ከቤት ማባረር ደግሞ ልጁን አንሥቶ ለጫት ቤቱ መስጠት ማለት ነው። አባት ራሱ የሚቅም ከሆነ ምክሩ ከአፉ ሳይወጣ ይወድቃል፤ ቢያንስ ልጁን ገራባ ማስጠረጉን፣ ውሃ ማስቀረቡን ይተው። ከተቻለም ሁለቱ አብረው ቢያቆሙ ልጁ የአባቱን ሐራራ ያያል፣ አባትም የልጁን፤ ይህ ደግሞ ያቀራርባል።

ማቆም ምን ይመስላል? ጫትን ያቆመ ሰው እንደ አንዳንድ ሱስ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ብዙ ጊዜ አይገጥመውም። ለጥቂት ቀናት ሰውነቱ ይዝላል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ይከፋዋል፣ ምንም ነገር አያስደስተውም፣ ሌሊት በዱካክ ይጨነቃል። ይህ ጊዜ ወላጅ የሚሳሳትበት ነው፤ «ይኸው ሰነፈ፣ ተኛ» ብሎ ይቆጣል። ተዉት ይተኛ። የተበደረውን እንቅልፍ እየከፈለ ነው። ትኩስ ምግብ ስጡት፣ ውሃ ይጠጣ፣ ከተቻለ ያን ሳምንት ብቻውን በኪራይ ቤት አትተዉት፤ ወደ አገር ቤት ወስዳችሁ ከበሬው ጋር፣ ከአዝመራው ጋር ይዋል። በትምህርት ቀን ከሆነም መምህሩን አስፈቅዳችሁ ሦስት ቀን ብታስቀሩት ያንኑ ያህል ቀን ተኝቶ ክፍል ከሚውል ይሻላል። ዕድሜው ለፈተና ከደረሰ ይህን ሁሉ ከፈተናው ወር በፊት ማድረግ ነው የሚበጀው፤ በመጨረሻው ሳምንት ማቆም ሐራራውን ወደ ፈተናው አዳራሽ ይዞ መግባት ነውና።

አንድ ነገር ግን ቸል አይባልም። ልጁ የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ሰዎች ሊጎዱኝ ነው እያለ የሚጠራጠር፣ ቀን ከሌት ሳይተኛ ብዙ ቀን የሚያድር፣ ወይም መኖር አልፈልግም የሚል ከሆነ ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው። ብዙ ጫት እንዲህ ያለ የአእምሮ መታወክ ሊያመጣ እንደሚችል ሐኪሞች ያውቁታል። «ጂን ነው» ብሎ ወራት ማሳለፍ ልጁን ይጎዳዋል፤ ሩቅያም ቢደረግለት ሕክምናውን አይከለክልም። በሞጣም በቢቸናም ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ወደ ባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይላካል። ስትሄዱ ልጁ ምን ምን እንደሚወስድ፣ ጫቱንም፣ አረቄውንም፣ እንክብሉንም ሳትደብቁ ንገሩ። ሐኪሙ የሚጠይቀው ለመፍረድ አይደለም፤ የሚሰጠው መድኃኒት ልጁ ከወሰደው ነገር ጋር እንዳይጣላ ነው።